የክብሪት ቀፎና የድሬ ጠያራ ቁልቁለት

ጋሽ እንደሻውን በቅጡ የሚያውቃቸው ሰው የለም፤ ይህን የሚጽፈውም ቢሆን ከሻይ ቤት ወሬ የዘለለ ነገር አለኝ አይልም። የታወቀው ነገር አንድ ነው፤ ሐረር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ አንድም ቀን ተጋጭተው አያውቁም። ስለዚህ መንገዱ ማዳለጥ ሲጀምር ምክር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከከተማዋ የግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጋሽ እንደሻው መኪናቸውን ደጃቸው አቁመው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በእግራቸው ይመጣሉ። ይህን ሁሉም ያያል፤ ልብ የሚለው ግን የለም። ከዚያ ትሪ ላይ የሳሙና ውሃ ያፈሱና የክብሪት ቀፎ ያንሸራትታሉ።

«የመኪና ኋላ ሲሸሽ ፍሬን የረገጠ ሰው መኪናዋን ለገደል ሰጣት ማለት ነው። እግርን ማንሳት! መሪውን ኋላዋ ወደሄደበት ቀስ አድርጎ ማዞር! አለመደንገጥ!»

ቀፎው ሁልጊዜ ይታዘዛቸዋል።

ይህን ትምህርት ከማንም በላይ የፈለገችው ሰዐዲያ ናት። ባሏ አሽረፍ ወገቡን ታሞ ከተኛ ወዲህ፣ ከድሬ ጠያራ ገጠር አትክልት የሚያመላልሱባትን ፒካፕ በበጋው የነዳችው እሷ ነበረች። ክረምት ሲገባ ግን የመኪናዋ ባለድርሻ የሆነው የባሏ ወንድም ሐምዲ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«አቦ፣ በደረቅ መንገድማ እናቴም ትነዳለች!» አላት። «በጭቃ ጭነት ይዘሽ ከመጣሽ ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልሆነ እንሸጣታለን።»

«ከጋሽ እንደሻው ጋር ነዋ የምሄደው።»

ሐምዲ ስማቸውን ሲሰማ ቁልፉን አወጣ። ጋሽ እንደሻው ሲጠየቁ ጉልበታቸውን አመካኙ፣ ብርዱን አመካኙ፤ ሻይ ቤቱ በሙሉ እያያቸው ግን እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

ከድሬ ጠያራ ሲመለሱ መሪውን የያዘችው ሰዐዲያ ናት፤ ቲማቲሙ ከኋላ ተጭኗል። ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ግን ያንን የሳሙና ትሪ መስሏል። ጋሽ እንደሻው የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ጋሼ፣ በረደዎት እንዴ?»

«ፊት ፊትሽን እይ!»

ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የፒካፗ ኋላ ወደ ቦዩ ሸሸ።

«ፍሬን!» ብለው ጮኹ ጋሽ እንደሻው። «ፍሬኑን እርገጪው! ኧረ በሚካኤል፣ ፍሬን!»

ሰዐዲያ «ያ አላህ!» አለች እንጂ ፍሬኑን አልነካችም። ዐይኗ ላይ የመጣባት የክብሪት ቀፎው ነበር። እግሯን አነሳች፤ መሪውን ኋላዋ ወደሄደበት ቀስ አድርጋ አዞረች። መኪናዋ ጥቂት አቅማምታ ተቃናች።

ጋሽ እንደሻው በእሳቸው በኩል የሌለ ፍሬን ሲረግጡ ጃንጥላቸውን እግራቸው ሥር ሰብረውታል።

ሐምዲ ሻይ ቤቱ በር ላይ ጠበቃቸው። የፒካፗን ጎን የሸፈነውን ጭቃ አየና፣ «ተንሸራታ ነበር እንዴ?» አለ።

«ተንሸራታ ነበር» አለች ሰዐዲያ።

«እርስዎ ነዎት ያቀኗት አይደል?» አላቸው ጋሽ እንደሻውን።

ሰዐዲያ አንገቷን ደፋች። አዎ ካሉ ቁልፉ ወደ ሐምዲ ኪስ ይመለሳል፤ እሷም የሽማግሌ ቃል ሰው ፊት አታስተባብልም።

ጋሽ እንደሻው የተሰበረውን ጃንጥላ ሲያገላብጡ ቆዩ።

«እሷ ናት። እኔ የነካሁት ነገር የለም። ቁልፉን ተውላት።»

«ማሻአላህ!» አለ ሐምዲ። «ያስተማሯት እርስዎ አይደሉ!» ሻይ ቤቱም በሙሉ አጨበጨበ፤ ለጋሽ እንደሻው።

ጭብጨባው ሲበርድ ሰዐዲያ ቁልፉን በመዳፏ እንደጨበጠች ሻያቸውን አቀረበችላቸው። ጠጋ ብላም ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ዝናብ ሲጥል ሁልጊዜ በእግርዎ ነው የሚመጡት፤ ከዛሬ በፊት መኪና አንሸራቶዎት ያውቃል?»

ጋሽ እንደሻው የክብሪት ቀፎውን ከትሪው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

«እሱን እንኳ አትጠይቂኝ፣ ልጄ» አሏት።