ኪቱን ከሶርስ ኮድ የሠራንበት ቅዳሜ

ሥራዬ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከከተማው ጥግ ባለችው ክሪስታል በሚገኝ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለአዋቂዎች ፕሮግራሚንግ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ስልሳ ያለፋቸው ኤርትራዊ ነበሩ። የተማሩት በአማርኛ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ጋሼ ከከተማው በስተደቡብ ሻኮፒ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሣጥን ሲያነሱ ኖረው ቀኝ ትከሻቸው ተበላሸ። አለቃቸው ሣጥን የሚቆጥሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ወደሚጠገኑበት ክፍል ሊያዛውራቸው ፈቀደ፤ በመጀመሪያ ግን ራሳቸው የጻፉትን ፕሮግራም በራሳቸው ኮምፒውተር ማሳየት ነበረባቸው። ፈተናው በዚያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ካላለፉ ሥራውን መልቀቃቸው ነው፤ ሐኪሙ ሣጥን እንዳያነሱ ከልክሏቸዋል።

ፕሮግራሙን፣ ዕቃ በቆጣሪው መሣሪያ ፊት ሲያልፍ መብራት የሚያበራውን፣ ክፍል ውስጥ ጽፈው ጨርሰዋል። የቀረው በላፕቶፓቸው ላይ ኪቱን መጫን ነው። ኪት የምለው እኛ የጻፍነውን መሣሪያው ወደሚረዳው ቋንቋ የሚለውጡ ፕሮግራሞች ጥቅል ነው። ተዘጋጅቶ የሚወርደው ኪት ለጋሼ አሮጌ ላፕቶፕ አልሆነም። እንዲህ ሲሆን ኪቱ ራሱ የተጻፈበትን ሶርስ ኮድ አምጥቶ እዚያው ማሽን ላይ መገንባት ይቻላል። የሱቅ ኮት ልክ አልሆን ሲል ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት እንደማለት ነው። ጠዋት ቤቴ ሆኜ አንዱን ፋይል ለአሮጌ ማሽን እንዲስማማ አስተካከልኩና ሁሉንም በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ዘጠኝ ደረጃዎች የተዘረዘሩበት ወረቀትም አዘጋጅቼ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ጀመርን። ግንባታውን የሚመራው ፕሮግራም መጀመሪያ የሥራ ዕቅድ ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል። የእኛው ግን ዕቅድ ያወጣል፣ እንደገና ያወጣል፣ አሁንም ያወጣል፤ መቶ ጊዜ ሞክሮ ቆመ።

«ይሄ እንደኛ ኮሚቴ ነው» አሉ ጋሼ። «ስብሰባ ብቻ።»

የወረቀቴን ደረጃዎች ከአንድ ጀምሬ ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜም ደገምኩ።

«መምህር፣ ወረቀቱን ተወውና ማሽኑን እየው።»

«እያየሁት ነው፣ ጋሼ።»

«አይ፣ አንተ የምታየው ወረቀቱን ነው።»

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ጠዋት ያስተካከልኩት ፋይል 9:12 ይላል። ላፕቶፑ አሁን ያወጣው ዕቅድ ደግሞ 6:48። የስክሪኑን ጥግ አየሁ፤ 6:50።

«ጋሼ፣ የዚህን ሰዓት ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ። በሀበሻ አድርጌዋለሁ። በራሱ እንዳይቀይረው የሚያስተካክለውንም አጥፍቼዋለሁ። ምነው፣ ትክክል አይደለም?»

ትክክል ነበር። ያን ጠዋት ጥጉን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አራት ሲል አራት ነው ብዬ፣ አምስት ሲል አምስት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የኔ ላፕቶፕ ግን በአሜሪካ ሰዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የነካሁት ፋይል በጋሼ ማሽን ዘንድ ገና ያልደረሰ ሰዓት ተጽፎበታል። የግንባታው ሕግ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ከዕቅዱ አዲስ ከሆነ ዕቅዱ እንደገና ይውጣ። ማሽኑ ዕቅዱን ስንት ጊዜ ቢያወጣ ፋይሉ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ይህን ለጋሼ በደንብ አብራራሁላቸው።

«ገባኝ» አሉ። «አሁን አስተካክለውና በመንገድ ላይ ታስረዳኛለህ።»

ሰዓቱን አስተካክዬ፣ የተጀመረውን አጥፍቼ ግንባታውን ከመጀመሪያው አስነሳሁ። ለዚያ ማሽን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እዚያው ሆነን ብንጠብቅ ለፈተናው አንደርስም። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ወደ መኪናዬ ወስደን ከመኪናው ቻርጀር ላይ ሰካነው። እኔ ድራይቭ አደረግሁ፤ ጋሼ ጭናቸው ላይ ይዘው በአውራ ጎዳና አንድ ስልሳ ዘጠኝ ወደ ደቡብ ወረድን።

«ስልሳ ስምንት ፐርሰንት» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «ሰባ። ኧረ አቃጠለኝ!»

«ከሥሩ ጃኬትዎን ያድርጉበት።»

«ጃኬቱም ይቃጠላል። ንዳ ዝም ብለህ።»

መጋዘኑ ፓርኪንግ ስንደርስ ግንባታው ዘጠና አራት ላይ ነበር። እዚያው ተቀምጠን ጠበቅን። ሲያልቅ የመጨረሻውን ትእዛዝ፣ ኢንስቶል የሚያደርገውን፣ ራሳቸው በግራ እጃቸው ጻፉ። ቆጣሪውን መሣሪያ ከቦርሳቸው አውጥተው ፕሮግራማቸውን ሞከሩት፤ በፊቱ መዳፋቸውን ሲያሳልፉ መብራቱ በራ። ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ገቡ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«እሺ፣ ጋሼ?»

«ፈታኞቹ መብራቱን አንድ ጊዜ አዩና ተዉት። ኪቱን በዚህ አሮጌ ላይ እንዴት አስገባኸው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«እንዳንተ ከአንድ ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ በቃህ፣ ማክሰኞ እዚህ ክፍል ግባ አሉኝ።»