የመዓን ወተት

አባቴ መርፌውን ማቆሙን ያወቅሁት ከፍሪጁ ነው። የኢንሱሊን ብልቃጦቹ እንዳስቀመጥኳቸው፣ ክዳናቸው ሳይነካ ቆመዋል። የኮሮና ዓመት ነበር፤ ሰው ሁሉ ሆስፒታል መሄድ ይፈራል። ብጠይቀው «ደህና ነኝ፤ ሆዴም ተስተካክሎልኛል» ብሎኝ ወደ ጨርቅ ሱቁ ሄደ። በገንኩ፣ ግን ዋጥኩት። አፌ ለሰው ሁሉ ስለት ነው፤ አባቴ ፊት ሲደርስ ይዶለዱማል። ስድስት ቀን ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሱቁ ውስጥ ጣቃ ተደግፎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ትንፋሹ ከልክ በላይ እንደበሰለ ሙዝ ሸትቶ አገኘሁት። የስኳር መለኪያዋ ቁጥር መስጠት አቃታት፤ ከአቅሜ በላይ ነው ማለቷ ነው። ከእናቴ ጋር በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

«አባባ፣ መርፌውን ትተው ምን ሲወስዱ ነበር?» አለው ሐኪሙ።

አባቴ እናቴን በዓይኑ ጥግ አየና «ምንም» አለ።

«አብሽ? ጥቁር አዝሙድ?»

«ምንም አልኩህ እኮ።»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም! ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለች እናቴ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተመልሼ ሱቁን አገላበጥኩት። ከጣቃዎቹ ጀርባ ትንሽ ጀሪካን ነበረች። ስከፍታት ወተቱ ጭስ ጭስ ሸተተኝ፤ ጅግጅጋ ላደገ ሰው ይህ ሽታ አይጠፋውም። የግመል ወተት ነው። ያኔ ገባኝ። ጎረቤታችን ያሉ ሶማሌ ነጋዴ፣ የኮመጠጠ የግመል ወተት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን አንጀት ያስተካክላሉ፣ ስኳርም ያወርዳሉ ብለውት ነበር። እናቴ ደግሞ ክርስቲያን ቤት ግመል አይገባም ባይ ናት፤ «እንኳን ወተቱን ስሙንም አትጥሩብኝ» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። አባቴ የተደበቀው ከእሷ ነው።

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። አልኮመጠጠም። ስኳር ነው።

ወተት ተራ ሮጥኩ። የግመል ወተት ሻጮቹን አንድ በአንድ ጠይቄ የእሱን ሻጭ አገኘኋት፤ አባቴን ስጠራባት ፊቷ በራ።

«ወላሂ፣ ለሌላ ሰው እንዲህ አልሠራም! አባትሽ ደረቱን ነካ፣ ‹መዓን፣ መዓን› አለኝ። ሽማግሌ ነው፣ ጣፋጭ ይወዳል አልኩ። ስኳር ብዙ አደረግሁለት።»

መዓን በሶማሊኛ ጣፋጭ ማለት ነው። የስኳር በሽታንም እንዲሁ ይሉታል። አባቴ «ስኳር አለብኝ» ማለቱ ነበር፤ እሷ «አጣፍጪልኝ» ሰማች። የግመል ወተት በዕድሜው ቀምሶ ስለማያውቅ፣ የግመል ሲኮመጥጥ ጣዕሙ እንዲህ ነው ብሎ በየቀኑ ጠጣው። ስነግራት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ሆስፒታል ተመልሼ ሁሉም እየሰሙ «የግመል ወተት ነው፤ ስኳር የተበጠበጠበት!» አልኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሐኪሙ ግን ወዲያው ለነርሷ ትእዛዝ ሰጠና ወደ እኛ ዞሮ፣ «ስኳር ባይገባበትም ያው ነበር። የኮመጠጠው ለሆድ ሊስማማ ይችላል፤ የመርፌን ቦታ ግን አይሸፍንም» አለን።

ያን ማታ አባቴ ራሱን ሳተ፤ ሁለት ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ትንፋሹን ስንቆጥር ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ነቃ። መጀመሪያ የፈለገው ውኃ አልነበረም፤ እናቴን ነው።

«አትቆጪኝ» አላት።

«እኔን ፈርተህ ልትሞትብኝ ነበር?» አለችና እጁን ይዛ ተንሰቀሰቀች። እናቴ ሰው ፊት ስታለቅስ ያን ቀን ብቻ አየሁ።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ እናቴን ወተት ተራ ተከትያት ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ጅግጅጋ ኖራ ሶማሊኛዋ ከዋጋ ክርክር አያልፍም። ጎረቤታችንን ጠይቃ አንድ ቃል አጥንታ ነበር። አዲስ ጀሪካን ለሻጯ ዘረጋችና ጮክ ብላ «ዳናን!» አለች፤ ኮምጣጣ ማለት ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት መርፌውን ራሷ ትወጋዋለች። ከዚያ የወተቱን ኩባያ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታቀብለዋለች።