በዳንቴሉ ስር የነበረው ቀይ መብራት

ከዩኒቨርሲቲ የምትመጣው ልጅ ዳንቴሉን ስታነሳው መብራቱ ቀይ ነበር።

«ይሄን ማነው ያለበሰው?» አለችኝ እየሳቀች።

«እኔ ነኛ። አቧራ እንዳይበላው ብዬ» አልኳት። የሰው ዕቃ ነው፤ ቴሌቪዥኑንም እንደዚያ ነው የማለብሰው።

መብራቱን ልብ ስትለው ሳቋ ጠፋ። ዕቃው የቤት አየር የሚለካ ትንሽ ነጭ ሳጥን ነው። እንዳ ኢየሱስ ካለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ እየመጡ፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በሚተኙበት ክፍል ያስቀምጡታል። የሚተነፍሱት አየር ሕመማቸውን ያባብሰው እንደሆነ ሊያጠኑ ነው አሉን። አረንጓዴ ከሆነ ደህና፣ ቀይ ከሆነ መጥፎ ነው።

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየች። ከአልጋው አጠገብ የእናቴ የከሰል ምድጃ፣ እኛ ፈርኔሎ የምንለው፣ ተቀምጧል።

«እዚህ ከእርሳቸው ሌላ ማን ይተኛል?»

«ልጄ» አልኩ። ትንሿ ልጄ ከአያቷ ጋር ነው የምትተኛው። ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ስትል ከትምህርት ቤት ለመቅረት ነው ብዬ እቆጣት ነበር። የእናቴን ራስ ምታት ደግሞ ግፊቷ ነው እንል ነበር።

«ጭሱ ባይታይም ከሰል መርዝ አለው» አለች ልጅቷ። «በር ተዘግቶ ከሆነ ሰው እንደተኛ ይቀራል።»

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሰማችና ልጅቷን ጠራቻት። «ጓለይ፣ ከሰል የሚገድለኝ ቢሆን አንቺ ሳትወለጂ ነበር የምሞተው። ይልቅ ይሄ ሳጥንሽ ጉልበት ያሞቃል?»

«አያሞቅም፣ አደይ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልኝ ነው?»

ያኔውኑ ፈርኔሎውን ጓሮ አወጣሁት። ልጄን ወደ እኔ አልጋ ልውሰዳት ብል እናቴ «ሬሳ አደረግሽኝ እንዴ፣ ልጅ የምታሸሺብኝ?» ብላ አኮረፈች። ተውኩላት። ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ተነስቼ የሁለቱንም ትንፋሽ አዳምጣለሁ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያ ሄጄ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሱቅ በረንዳ ላይ አቆየኝ። የከተማው መብራትም ጠፋ። ቤት ስደርስ ፈርኔሎው ጓሮ የለም።

የእናቴ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ብርድ እንዳይገባ ከስሩ ጨርቅ ተወትፏል። በትከሻዬ ገፋሁት። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። ዳንቴሉ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ሳጥኑ በባትሪ ስለሚሠራ ቀዩ መብራት በክሩ ቀዳዳዎች ይታያል። ልጄ አያቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ጠራኋት፤ ዝም። ሳነሳት አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ።

ዝናቡ ውስጥ አወጣኋት። ጎረቤቴን ጮኼ ጠርቼ ልጄን አስታቀፍኳትና እናቴን ብብቷን ይዤ ጎተትኩ። ምላሷ ተሳስሮ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አለችኝ።

ጎረቤቴ ባስቆመችልን ባጃጅ ውስጥ የልጄን ጉንጭ እየመታሁ፣ በሌላው እጄ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ሄድን። ሐኪሙ «ከሰል ነው?» ሲለኝ ሳይጨርስ «አዎ» አልኩት። አፍና አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን አደረጉላቸው። እኔ በሁለቱ አልጋ መሃል ቆሜ ደረታቸውን አያለሁ፤ አንዱን ሳይ ሌላው የሚቆም ይመስለኛል።

ሊመሽ ሲል ልጄ ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ ራሴን አመመኝ።»

እጇን ሳምኩት። አልተቆጣኋትም።

እናቴ ጭምብሉን ገፋ አድርጋ «ዳንቴሉን እኔ ነኝ የመለስኩት» አለች። «ቀዩ ዓይኔን ወጋኝ።»

እናቴ ከዚያ ወዲህ ነገር ትረሳለች፤ አንዳንዴ የማን ልጅ ነሽ ትለኛለች። ከግፊቷ ይሁን፣ ከዕድሜዋ ይሁን፣ ከዚያ ቀን ይሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ጉልበቷን በሙቅ ውሃ እይዝላታለሁ። ከሰል ቤታችን አይገባም። ልጄ አጠገቤ ትተኛለች፣ ሳጥኑም ራቁቱን ተቀምጧል፣ አረንጓዴ ነው። ተርፈናል። አሁን ደህና ነን።