ከግራ ትከሻዋ የሚወርደው ነጠላ

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነጠላ መልበስ እንኳ የማትችል ዝርክርክ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። እሑድ ጠዋት ከምንኖርባት ከዋይሊ ከተማ ነድተን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ መኪናው አጠገብ አቁሜ በደንብ አለብሳታለሁ። ቅዳሴው ሳይጋመስ ነጠላው ከግራ ትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። ሰው እንዳያይ ክንዷን ቆንጠጥ አደርጋለሁ።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ምን ያንጋድድሻል?"

"ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት፣ እማ።"

መልስ መስጠቷ ይበልጥ ያበግነኛል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተነታረክን።

ከዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ስንሄድ ሐኪሟ ልጄን ጎንበስ አድርጋ ጀርባዋን አየች። ቀኝ ጎኗ ከግራው ከፍ ብሏል። አከርካሪዋ ተጣሟል፤ ስኮሊዮሲስ ይባላል፤ የአጥንት ሐኪም ይየው አለችን። ምናልባት ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ይችላል አለች። የልጄ ጀርባ ሊቀደድ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የቀጠሮው ቀን ግሬፕቫይን ከተማ ካለው ሆቴል፣ ክፍል ከማጸዳበት ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ሄድን። የራጅ ባለሙያዋ ልጄን እንደ እንቁላል ነበር የያዘቻት። ማሽኑ የሻወር ቤት የምታክል ጠባብ ክፍል ናት፤ ሰው ቆሞ ይገባባታል፣ ከፊትና ከጎን በአንድ ጊዜ ታነሣለች። ልጄ ጣቶቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። መቆም አትችልም ስላት የኖርኩት እኔ ነኝ! ኮራሁባት።

የአጥንት ሐኪሙ ወጣት ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ምስሎች አጋጥሞ የልጄን አከርካሪ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር አድርጎ ሠርቶታል። ከፊት ሲያዩት የሁለት ልጆች ጥመት አንድ ሊመስል ይችላል፣ ከላይ ሲታይ ግን አጥንቶቹ ምን ያህል እንደዞሩ ይለያያል፤ ሕክምናውም እንደ ዓይነቱ ነው አለን። እኔ ትዕግሥት የለኝም።

"ዶክተር፣ ትቀደዳለች ወይስ አትቀደድም?"

አልተቆጣኝም፤ አልቸኮለልኝምም። አጥንቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ አንዱ ጋ ተመልሶ እንደገና ለካ። ወደ ጎን ዘንበል ብላ የተነሣችውንም ራጅ አስተያየ። ያጸዳውን ክፍል ዞሮ የሚያይ ሰው እኔ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን አምናለሁ። በመጨረሻ ዋናው ጥመት የላይኛው አንዱ ብቻ ነው፣ የታችኛው ዘንበል ስትል ይቃናል፣ ገና እያደገች ስለሆነ ከኦፕሬሽን በፊት ጀርባዋን የሚይዝ ደጋፊ ቀበቶ እንሞክራለን አለ።

እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

"እማ፣ ፕሊስ! እዚህ አታድርጊው!" አለች ልጄ እየሳቀች። ቀጥላ ግን ስክሪኑ ላይ ዝቅ ያለውን የግራ ትከሻዋን በጣቷ ነካችው። "ሲ? አየሽ? ቀጥ ብዬ ነበር የቆምኩት።"

በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። እኔ እዚያው፣ ሐኪሙ ፊት ጠየቅኋት። "ኢትስ ኦኬ" አለችኝ።

ከወር በኋላ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ቀበቶዋን ከቀሚሷ ሥር ታጥቃ አጠገቤ ቆማለች። ነጠላው እንደ ልማዱ ወረደ። ላነሳላት እጄን ስዘረጋ ክንዷን ቶሎ ሸሸት አደረገች፤ ልቆነጥጣት መስሏት ነው።

ነጠላውን ወደ ትከሻዋ መለስኩት። ቅዳሴው እስኪያልቅ እጄን ከዚያ አላነሳሁም።