ላልተጠራ ስም

የሸዋአለም ታናሽ ወንድም አባይነህ መምህር ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ለሥራ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ወደብ ሲሄድ ዘመሮ በተባለው አገራቸው ያለውን ርስቱን አደራ አላት።

«እትዬ፣ ገብሱን ብዪው። ግብሩን ግን በስሜ ገብሪልኝ። ስሜ ከግብር ከወጣ አገር የለኝም።»

በየዓመቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይሰበሰባል፤ ጭቃ ሹም አፈወርቅ የገባሪውን ስም ይጠራሉ። መላሽ ያጣ መሬት ለዘመድ ያልፋል። «አባይነህ!» ሲባል ሸዋአለም ከሴቶቹ መካከል ትነሣለች፤ «አቤት!»

«ጢም ሳታበቅል አባይነህ ሆነች!» ይላሉ የአጎት ልጆች።

«ከእናንተ ጢም የእኔ ድምፅ ይበልጣል!»

የትምህርቱንም ግብር ትከፍላለች፤ የራሷ ልጅ ቅጣው ግን የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። «ትምህርት ቤቱ ወንድሜን አስተምሮ ወሰደብኝ፤ ዛሬም አልጠገበም» ትላለች እየሣቀች። ስትፈጭም ታንጐራጉር ነበር፦

ወንድሜን ሲጠሩት አቤት እላለሁ፣
የገደል ማሚቶ ድምፅ እሆነዋለሁ።

ቅጣው ሚስት ሊያገባ ሆነ። የልጅቱ አባት «መሬቱ የታለ?» አሉ። የሸዋአለም ባል ተገኘም፣ «አገር ለቆ ለሄደ ሰው እስከ መቼ ትጮኺያለሽ? አንድ ጊዜ ዝም በይ፤ ለልጅሽ ይትረፈው» አላት።

በዚያ ዓመት «አባይነህ!» ተባለ። ሸዋአለም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጭቃ ሹሙ ወደ እሷ እያዩ ደግመው ጠሩ። የመለሰው ቅጣው ነበር፤ «ለእኔ ይሁን።» መሬቱ በስሙ ተጻፈ፤ ሚስቱንም አገባ።

ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ላይ ዘፈን የለም። ገብሱ ያምራል፤ ከጉሮሮዋ ግን አይወርድም።

አባይነህ በግብር ሰሞን ድንገት መጣ። ማንም ደፍሮ አልነገረውም። ሸዋአለም ብርድ እንዳይመታው ከኮቱ ላይ የሱፍ ባና ደርባለት አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወረዱ። ቅጣው ተጠራ፤ መለሰ። ሌላውም መለሰ። ጥሪው አለቀ። አባይነህ አቤት ሊል የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ወደ እኅቱ ዞሮ ፈገግ አለ፤

«እትዬ፣ ለካ እንግዳ ነኝ።»

ቢረግማት ይቀልላት ነበር። ተነሣች።

«አቤት!» ድምፅዋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

«ማን ጠራሽ፣ ሸዋአለም?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«ያን ጊዜ የጠሩትን ነው የምመልስ። በዳይዋ እኔ ነኝ። እንደገና ይጥሩት።»

አፈወርቅ ሕዝቡን ቃኙ፤ የተቃወመ የለም። «አባይነህ!»

«አቤት» አለ ወንድሟ።

ሸዋአለም ግን ወደ እሱ አልዞረችም። ልጇ ቅጣው ሚስቱን አስከትሎ፣ አንዴም ወደኋላ ሳያይ ቁልቁለቱን ሲወርድ ታይ ነበር።