ፍሪጅ ነጋዴ የሆንኩበት ቀን

የጅግጅጋ ፀሐይ ወተት ታፈላለች ብል ማጋነን አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው። ግን ከባንክ ቅርንጫፋችን ፊት ለፊት የግመል ወተት የሚሸጡት እናት ከሰዓት በኋላ የተበላሸባቸውን ሲደፉ በመስኮት አይ ነበር። ከመሀል አገር ተመድቤ የመጣሁ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ የተደፋ ወተት አላስችል አለኝና ተሻግሬ ሄድኩ።

“ኤዶ፣” አልኳቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ “ፍሪጅ በባንክ ይግዙ።”

“ወለድ ሐራም ነው።”

“ከወለድ ነፃ አለን! ባንኩ ፍሪጁን ይገዛል፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለእርስዎ ይሸጣል፣ እርስዎ በየወሩ ይከፍላሉ።”

“ባንኩ የገዛው ፍሪጅ የታለ?”

“በወረቀት ነው የሚያልቀው። ፍሪጁ ከሱቅ በቀጥታ…”

“ወረቀት ወተት ያቀዘቅዛል? ያልያዝከውን ልትሸጥልኝ ነው? መጀመሪያ ያንተ ይሁን፤ በዓይኔ ልየው።”

ደንቡም ይኸንኑ ይላል፤ አቋራጭ የለመድነው እኛ ነን። ፍሪጁ በጋሪ መጣ። ጥበቃው እንደማንኛውም ደንበኛ በር ላይ አስቁሞ፣ ከፍቶ ፈተሸው። ከዚያ ገንዘብ ከፋዮቹ አጠገብ አቆምነው። የገባ ሰው ሁሉ “የዚህስ ተራ ስንተኛ ነው?” ይላል።

ያን ቀን ሙቀቱ ጠረጴዛ ያቀልጥ ነበር። ትንሽ ብንሰካው ምን አለበት አልኩ።

በማግስቱ ኤዶ መጥተው ሲከፍቱት የሠራተኛው ሁሉ የውኃ ጠርሙስና የእኔ ግማሽ ሐብሐብ ተደርድረዋል።

“አሁን ያንተ መሆኑን አመንኩ፣” አሉ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አላገኘም። “ግን ያገለገለ ነው። ቀንስ!”

“ኤዶ፣ አንድ ሌሊት እኮ ነው!”

“ሐብሐብ በልተህበታል።”

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ፈረደብኝ። ጥበቃው ሳይቀር “እውነታቸውን ነው ጋሼ” አለ፤ የእሱም ጠርሙስ ውስጥ ነበር እኮ! ለአለቆቼ ደውዬ የሐብሐብ ቅናሽ ፍቀዱልኝ ልበል? ልዩነቱን ከኪሴ ሸፈንኩና ተፈራረምን።

ዛሬ ዛሬ ከሥራ ስወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኤዶ ገና እየሸጡ ነው። የሚደፋ የለም። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ይሰጡኝና ሒሳቡን ሳንቲም ሳይቀንሱ ይቀበላሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከጎናቸው የሚሸጡ ሁለት ሴቶች ቢሮዬ ገቡ።

“ፍሪጅ ትሸጣለህ አሉ፣” አለች አንደኛዋ።

“እንሸጣለን! አዲስ፣ ከነካርቶኑ!”

ተያዩ። “አይ፣ እኛ ያገለገለውን ነው የምንፈልገው።”

ሐብሐብ ልገዛ ወጣሁ።