ፎቶው ያጋለጠው ተራ

ጠዋት፣ ከቤር ሼባ

ወደ ኢየሩሳሌም የሄድኩት ዓይኔን ፎቶ ልነሳ ነው። ሞራው ይገፈፍልኝ እያልኩ ስጮህ ስምንት ወር ሆነኝ፤ የአውቶብስ ቁጥር እንዲያነብልኝ ሰው መለመን አንገሽግሾኛል። አውቶብሱ ውስጥ ረግቼ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ ሹፌሩን «ደረስን?» አልኩት።

«እማማ፣ ገና ከከተማ አልወጣንም!»

ከጣቢያው በእግሬ በያፎ መንገድ ወረድኩ። ማሃኔ ይሁዳ ገበያ በር ላይ የሰሊጥ ዳቦ በሦስት ሼቅል ገዝቼ እየሄድኩ በላሁ፤ መቆም አላስቻለኝም። የዓይን ክሊኒኩ ከኢትዮጵያ ጎዳና ትንሽ እልፍ ብሎ ነው።

አራት ሰዓት፣ ክሊኒኩ

አጠገቤ ቆብ የደፉ አሮጊት መነኩሲት ተቀምጠዋል፤ የሚኖሩት እዚያው ጎዳና ላይ ባለው ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እኔ የደምቢያ አይሁዳዊት፣ እሳቸው የጭልጋ ክርስቲያን ሆነን ተገኘን።

ጸሐፊዋ መጣች። «ለነገ አንድ የቀዶ ጥገና ቦታ ተከፍቷል። ከሁለታችሁ ይበልጥ ለተቸገረችው ነው። ዓይናችሁ እንዴት ነው?» አለች።

«ገደል ልገባ ነው!» አልኩ።

እማሆይ ዕብራይስጥ ስለማያውቁ ጥያቄውን እኔ ነገርኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ።

«ደህና ነኝ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ጸሐፊዋ «አልተቸገረችም» ብላ ጻፈች። ያገሬ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትልም ይህንኑ እንደሚመልስ አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ካደረጉልን በኋላ እማሆይን እጃቸውን ይዤ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባኋቸው።

«አገር ቤት ቢሆን፣ ክርስቲያን ነክተሻል ብላ እናቴ ወንዝ ትነክረኝ ነበር» አልኳቸው።

«እኔንስ ጠበል ሳያስገቡኝ ይቀራሉ?» ብለው ሳቁ።

ሐኪሙ አገጫችንን መደገፊያው ላይ አስደግፎ፣ እንደ በር ስንጥቅ የቀጠነ ብርሃን አብርቶ በየተራ ፎቶ አነሳን። ፎቶው ቴሌቪዥን በመሰለ ነገር ላይ ወጣ። ጤነኛ ብሌን እንደ ፍም ይቀላል፣ ሞራው ፍሙ ላይ ጥላ ይጥላል አለን። የእኔ ዳር ዳሩ ተዥጎርጉሯል። የእማሆይ ግን ፍም የለውም፤ ከሰል ብቻ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። «ፎቶው የእሷ እንደሚብስ ያሳያል። ግን አልተቸገርኩም ብላለች፤ ላልተቸገረ ሰው አንቸኩልም። ነገ አንቺ ነይ» አለኝ።

ለመውጣት የበሩን እጀታ ጨበጥኩ። ለቀቅኩት። እንደገና ጨበጥኩት።

«ዶክተር፣ ትርጉሜ የተንኮል ነው» አልኩ። «ደህና ነኝ ያሉት ለወጉ ነው። እንደገና ልጠይቃቸው።» ወደ እማሆይ ዞርኩ። «ዳዊትዎን ያነባሉ?»

«ማንበብ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ። በቃሌ ነው የምደግመው።»

«ደረጃውንስ?»

«በቂጤ እየተንፏቀቅኩ እወርዳለሁ። ለሰው እንዳትነግሪ!»

ለሐኪሙ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ነገ የእሳቸው ሆነ፤ የእኔ ከሁለት ወር በኋላ።

ማታ፣ ቤት

ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ለነገ ቀጠሩሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፍትሕ ስጮህ የኖርኩ ሴት፣ ተራ ነጣቂ ለመሆን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር እንደምትበቃኝ በዚህ መንገድ ተማርኩ።

«ስምንት ወር ጠብቀሽ ተራሽን ሰጠሻት?» ብላ ጮኸች።

«ሰጠሽ አትበይኝ» አልኳት። «መለስሽ በይ።»